«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ ግቢዎች አገልግሎታቸውን ዲጂታል ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአንድ አጥር ውስጥ ያለ ተቋም አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የመምህራን አካዳሚ፣ ዛሬ ፖሊና ፔዳ የምንላቸው፣ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተመረቁ። ከዚያ ወዲህ ይባብ፣ ዘንዘልማ፣ ሰላም፣ ጥበበ ግዮን እየተባለ ግቢው በከተማው ዙሪያ ተበተነ። ዘንዘልማ ለመድረስ ዓባይን ተሻግሮ የጎንደርን መንገድ መያዝ ነው። እንዲህ በተበተነ ተቋም አንድ ፊርማ ለማስፈረም ባጃጅ መሳፈር፣ ግማሽ ቀን ማቃጠል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል» ተብሎ መመለስ አለ። ስለዚህ እዚህ ቴክኖሎጂው ለጌጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ገብቶም ሰልፉ ለምን አልቀነሰም? አንድ ሲስተም መሥራት አለመሥራቱን የምለካው ተማሪው ጉዳዩን ለመጨረስ ስንት በር አንኳኳ በሚለው ነው። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች የአንድ ተቋም ሐሜት አይደሉም፤ በመንግሥትም በግልም ኮሌጅ የሚታዩ ናቸው።

ወረቀቱን እንዳለ ወደ ስክሪን ማዛወር

ክሊራንስን፣ ማለትም ተማሪው የግቢው ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥበትን ሂደት፣ እንውሰድ። ተማሪው ሲመረቅ ወይም ትምህርቱን ሲያቋርጥ (ዊዝድሮው ሲሞላ) ፎርም ይዞ ይዞራል፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ)፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ዲፓርትመንት። ስፖርት ክፍሉ ኳስ ተውሶ ለማያውቅ ልጅ ይፈርማል፤ ላብራቶሪው ገብቶበት ለማያውቅ የታሪክ ተማሪ ይፈርማል። አብዛኛው ፈራሚ ልጁን ያየው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ይህ «ዲጂታል ሆነ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ፎርሙ ኦንላይን ይሞላል፣ ፕሪንት ይደረጋል፣ ተማሪው ያንኑ ወረቀት ይዞ እነዚያኑ በሮች ያንኳኳል። የተጨመረው የፕሪንት ወጪ ብቻ ነው። ትንሽ ሻል ያለው ዓይነት ደግሞ ፈራሚዎቹ በየኮምፒውተራቸው «ፍቀድ» የሚል ቁልፍ እንዲጫኑ ያደርጋል፤ አንዱ ዓመት ፈቃድ ከወጣ የሁሉም ጉዳይ እዚያ ይቆማል።

አሠራሩን በተቃራኒው ማዞር ነው የሚያስፈልገው። ቢሮዎቹ ዕዳ ያለበትን ብቻ ይመዝግቡ። መጽሐፍ ያልመለሰ፣ ፍራሽ ያበላሸ፣ የላብራቶሪ ዕቃ የሰበረ በስሙ ይያዝ፤ ከተቆረጠው ቀን በፊት ስሙ ያልተያዘ ሁሉ ማንንም ሳይለምን ነፃ ይሁን። ይህን ፕሮግራም አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው። ከባዱ የንብረት መዝገቡን በየዕለቱ ወቅታዊ ማድረግ ነው፤ «አልመዘገብኩም ነበር፣ ግን ዕዳ አለበት» ማለት አይቻልምና። ሌላም እንቅፋት አለ፦ ፊርማ ሥልጣን ነው። ለዓመታት ሰው በሩ ላይ ሲሰለፍለት የኖረ ክፍል ሰልፉ ሲቀር ደስ ላይለው ይችላል። ይህን ሶፍትዌር አይፈታውም፤ በፕሬዚዳንት ደረጃ የሚወጣ አንድ ገጽ መመሪያ ግን ይፈታዋል።

የእኛን ስም፣ ቀንና ሰዓት መርሳት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ከሁሉም በላይ ተማሪ የሚጎዳው በዚህ ነውና።

ለውጭ ሰው የተሠራ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የለንም። የአባት ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ የአያት ስም ቦታ ያጣል፣ ከዚያ በአንድ ባች ውስጥ ሁለት ሦስት ሰለሞን ታደሰ ይገኛሉ። የአንዱ ኤፍ ለሌላው ሲገባ ለማስተካከል የሚባክነውን ጊዜ ሬጅስትራር የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የፊደሉ ጉዳይ ይከተላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ። ቤተ መጻሕፍቱ «ኃይለማርያም» ብሎ የመዘገበውን ልጅ ፕሮክተሩ «ሀይለ ማርያም» ብሎ ቢፈልገው «አልተገኘም» ይባላል። «ገ/መድኅን» እና «ገብረመድህን» ጭራሽ ሁለት ሰው ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይብሳል፤ ፀሐይን አንዱ ቢሮ በዋይ፣ ሌላው በአይ ይጨርሳታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ፍለጋው ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቁጠር፣ ክፍት ቦታን ይዝለል፣ «ገ/» ሲያይ «ገብረ» ብሎ ያንብብ። ጎበዝ ልጅ ይህን በሳምንት ይጨርሰዋል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት እንዳለ ይወሰድ እንጂ በየቢሮው አዲስ አይፈጠር። ዲግሪው ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል የምትታወቀው ልጁ ለስኮላርሺፕ ሲያመለክት፣ ፓስፖርቱና ዲግሪው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ቢሮዎች እርስ በርስ ሲጠያየቁ ደግሞ በመለያ ቁጥር ይሁን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ያላቸው ተማሪዎች እየበዙ ስለሆነ አንድን ሰው ከሌላ መለየት ከበፊቱ ቀሏል።

የቆዩ መዝገቦችም አሉ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በየቢሮው የተተየበው ሁሉ በራሱ ፎንት ብቻ የሚነበብ ነበር፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። የቀድሞ ምሩቅ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ሲመጣ ይህ ችግር ፊት ለፊት ይመጣል። ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ለነገ የሚባል አይደለም፤ እነዚያን ፎንቶች የሚያውቁት የቢሮ ሠራተኞች ጡረታ እየወጡ ነው።

ቀንና ሰዓትም አለ። ወር ሲጠየቅ 12 አማራጭ ብቻ የሚሰጥ ፎርም ጳጉሜን 3 የተወለደችን ልጅ የት ያደርጋታል? ብዙ ጊዜ መስከረም 1 ተብላ ትመዘገባለች፤ ከልደት ሰርተፊኬቷም ጋር ትጣላለች። የፈተና ፕሮግራም ደግሞ «2፡00» ብሎ ቢወጣ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሲስተሙ በውጭው አቆጣጠር ከሆነ የሚሠራው ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፈተና ደግሞ ስድስት ሰዓት አይጠብቅም። «ጠዋት 2፡00 ሰዓት» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ምንም አያስወጣም።

በተመራቂ ፕሮጀክት ላይ መንጠልጠል

ኮምፒውተር ሳይንስ በሚሰጥበት በየትኛውም ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት መደርደሪያውን ያስሱ። የዶርም ድልድል ሲስተም፣ የካፌ ሲስተም፣ የክሊራንስ ሲስተም፣ የላይብረሪ ሲስተም፤ በየዓመቱ በአዲስ ሽፋን ይመጣሉ። ሥራ ላይ የዋለውን ግን በጣት መቁጠር ነው። ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና አይደለም። ፕሮጀክቱ የተሠራው ለውጤት ነው፤ በዲፌንሱ ዕለት ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ «ኤ» ያገኛል፣ ከምርቃት በኋላ ልጁ ከነላፕቶፑ አገሩ ይገባል።

ይህን አይቶ «የተማሪ ሥራ አይሆንም» ማለትም ስህተት ነው፤ ሰልፉን ከተማሪ በላይ የሚያውቀው የለም። ዲፓርትመንቱ በየዓመቱ ከዜሮ ከሚያስጀምር የዘንድሮው ባች የአምናውን እንዲያሻሽል ያድርግ፤ ኮዱ በአይሲቲ ክፍሉ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይረከቡት። አንድ ሰው ብቻ አይበቃም። ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ ለቅሶ የሄደ ቀን ግቢው ይቆማል።

ከድርጅት የሚገዙም ቢሆኑ ውላቸው ላይ አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ውሉ ሲያልቅ የተማሪው መረጃ በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል መልክ ተሟልቶ ይመለሳል ወይ? ይህ ያልተጻፈበት ውል ተቋሙን ለዘላለም ከዚያ ሻጭ ጋር ያስራል።

ኢንተርኔትና መብራት ሁሌም አለ ብሎ ማሰብ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ የኖረበት ሰው ይህን ሲያነብ ይገባዋል። ሁሉን ነገር ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ተቋም፣ ዶርም ያለ ተማሪው በእግር አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለውን የገዛ ውጤቱን ማየት አይችልም። ምዝገባ፣ ውጤት፣ ካፌና ዶርም በግቢው ሰርቨር፣ በግቢው ኔትወርክ ይሠሩ። የውጭው ሰርቨር ለመጠባበቂያ ቅጂና ግቢ ለሌለ ሰው ያገልግል።

ጢስ ዓባይና ከጣና ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ጎረቤታችን ሆነው ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ያስቃል። ግን ይጠፋል። ጀነሬተር እስኪነሳ ያሉትን ደቂቃዎች የሚሸፍን ዩፒኤስ የሌለው ሰርቨር አንድ ቀን ዳታቤዙን ያበላሻል። የክረምቱን መብረቅም አይርሱ፤ ከሕንፃ ሕንፃ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል መብረቁን እስከ ኔትወርክ ማከፋፈያው (ስዊቹ) ይዞት ይገባል፣ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ለሚሰጠው የመውጫ ፈተና የሚደረገው ጥንቃቄ ለሬጅስትራር ሰርቨርም ይገባው ነበር።

መጠባበቂያ ቅጂው ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠር። ብዙ ግቢ ያለው ተቋም አንዱን ቅጂ በሌላኛው ግቢ ማስቀመጥ አያቅተውም። በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜም ከቅጂው መልሶ መክፈት ይሞከር።

ማስታወቂያን በፎቶ መለጠፍ

ደብዳቤው ይተየባል፣ ፕሪንት ይደረጋል፣ ማህተም ይመታል፣ ከዚያ በስልክ ተንጋዶ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ማህተሙ እንዲታይ መፈለጉ ይገባኛል። ግን ጽሑፉ ሊፈለግ አይችልም፣ ዐይነ ስውር ተማሪ የሚጠቀምበት ስክሪን ሪደር አያነበውም፣ ፓኬጁ ሊያልቅ የደረሰ ልጅም ፎቶው እስኪከፈት ይጠብቃል። መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ከሥሩ ፎቶው ይሁን። የምዝገባ ቀንና የመሳሰለው ቁርጥ መልእክት ደግሞ በኤስኤምኤስም ይላክ፤ የቁልፍ ስልክ የያዘ ተማሪ አሁንም አለ።

መለያ ቁጥሩን ፓስወርድ ማድረግ

ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ አካውንት ይከፈትለታል፣ ፓስወርዱም የአይዲ ቁጥሩ ይሆናል። ያው አይዲ ከነሙሉ ስሙ የዶርም ድልድል ዝርዝር ላይ ተለጥፎ ይውላል። ስለዚህ የተጣላው ጓደኛ ገብቶ ኮርስ ድሮፕ ሊያደርግበት ይችላል። መጀመሪያ ሲገባ ፓስወርድ እንዲቀይር ማስገደድ ይበቃል። ውጤትን ከነስም መለጠፍም ይቅር፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የክሊኒክ ካርድ ከተማሪው አካዳሚክ መዝገብ ጋር በአንድ ስክሪን ላይ መታየት የለበትም።

ካፌ በር ላይ በጣት አሻራ መቸኮል

ለአንድ ተማሪ 5 ሰከንድ ቢወስድ ለ1,000 ተማሪ 5,000 ሰከንድ ነው፤ ከ80 ደቂቃ በላይ። ይህ ማሽኑ አንዴ ሲነካ ካነበበ ነው። ክረምቱን ሲያርም ከርሞ የመጣ ልጅ ጣቱ ሻክሯል፣ ታጥቦ የመጣው ጣቱ እርጥብ ነው፣ አንዳንዱ ሦስቴ አራቴ ይሞክራል። ባርኮድ ያለው ሚል ካርድ ይፈጥናል፤ ፎቶው ስክሪን ላይ ሲወጣ የካፌ ጠባቂው በዐይኑ ያመሳክራል። የዕለቱ ዝርዝር እዚያው መሣሪያው ላይ ይጫን፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ ማንም ጦሙን አይደር። ዊዝድሮው የሞላ ወይም ነን ካፌ የሆነ (በግቢው ካፌ የማይመገብ) ተማሪ ከዝርዝሩ የሚወጣው ሬጅስትራር ሲመዘግብ በራሱ ካልሆነ ግን፣ ካርዱ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ግቢው የሌለ ሰው እያበላ ነው።

አዲስ ሲስተም በምዝገባ ሳምንት ማስጀመር

ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ የምረቃ ሪባኑ ለመቆረጥ ስለቸኮለ ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሁሉም ተማሪ በአንድ ቀን ይገባል፣ ሰርቨሩ ይወድቃል፣ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ያንን ሲስተም አያምነውም። በሁለተኛ ሴሚስተር፣ በአንድ ፋኩልቲ፣ ኮርስ መጨመርና መቀነስን (አድ ኤንድ ድሮፕን) በመሰለ አነስ ያለ ሥራ ይጀመር። መስኮቱ ላይ የሚቀመጡት የሬጅስትራር ሠራተኞች ከመከፈቱ በፊት ይሞክሩት፤ የሚያስቸግረውን ቦታ በመጀመሪያው ቀን ይነግሩዎታል። ወረቀቱ አንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን ይሂድ፣ የሚቆምበት ቀን ግን ከመጀመሪያው ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ካልሆነ ሁለቱም ለዓመታት አብረው ይኖራሉ፣ ተማሪውም ሁለቱንም ሲሞላ ይኖራል።