የፐርሺያን ድመት ጸጉር እንዴት ይያዛል?

እዚህ ዱባይ ከሉሉ ጋር ስንኖር 6 ዓመታችን ነው። ፐርሺያን ናት። ክብደቷ 4 ኪሎ ነው፤ በጸጉሯ የተነሳ ግን እጥፍ ትመስላለች። ረጋ ያለች ናት። መጋረጃ ላይ አትንጠለጠልም፤ እግሬ ስር ተኝታ ትውላለች።

ትልቁ ሥራ ጸጉሯ ነው። በየቀኑ ማበጠር ግድ ነው። ከላይ ብሩሽ ማሳለፍ ብቻ አይበቃም፤ ውስጥ ያለው ስስ ጸጉር ሳይነካ ይቀራል። ጥርሱ ረዘም ያለ የብረት ማበጠሪያ ያዙ። ጸጉሩን በእጃችሁ እየገለጣችሁ እስከ ውስጥ አበጥሩ። ብብቷን፣ ሆዷንና ከጆሮዋ ኋላ ያለውን አትርሱ፤ ቶሎ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ቋጠሮ ካገኛችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ ፍቱት። መቀስ በፍጹም! የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይመጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ብብቷን ቆርጫት ሐኪም ዘንድ ተሰፍታለች። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ገላዋን ከማጠባችሁ በፊትም አበጥሯት። ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይብስበታል።

ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባዋ ይፈሳል። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ እጠርግላታለሁ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጥጥ። አፍንጫዋ አጭር በመሆኑ ሙቀት አትችልም። በሐምሌና በነሐሴ እኔ ቤት ባልኖርም ኤሲው አይጠፋም።

ለመግዛት ካሰባችሁ የወላጆቿን የኩላሊት ምርመራ ጠይቁ። ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያወጣ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ በዚህ ዝርያ የታወቀ ነው። በዲኤንኤ ምርመራ ይለያል። ሻጩ ወረቀቱን ካላሳያችሁ ተዉት።