የፒክአፑ የባትሪ መብራት አልጠፋ ሲል

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የባትሪ ምልክት በርታ አልጠፋ ትላለች። አዳዲሶቹ ፒክአፖች ላይ ደግሞ ቮልቴጁ ዝቅ ማለቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ባትሪ ሊገዛ ይሄዳል። አዲሱ ባትሪ ሲገባ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆንና ምልክቷ ተመልሳ ትመጣለች። ባትሪው ሞልቶ ስለመጣ በውስጡ ያለው እስኪያልቅ ችግሩን ሸፈነው እንጂ አልፈታውም። ምልክቷ የባትሪ ሥዕል ትሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምትከሰው ቻርጅ የሚያደርገውን ክፍል ነው፦ ዲናሞውን፣ ቺንጋውን፣ ገመዶቹን።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ርካሹም ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለት ልኬት

ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪውን ለኩ። የቴስተሩን ጫፍ ገመዱን በያዘው ብረት ላይ ሳይሆን ከባትሪው በወጣው እርሳስ ላይ አስነኩ። 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው ተሟጧል።

ከዚያ ሞተር አስነሱ። በሚነሳበት ቅጽበት ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪውም ሙሉ ከነበረ፣ ባትሪው ራሱ ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ልታዩ ይገባል። ረጅም መብራትና የኤሲውን ማራገቢያ ክፈቱና ትንሽ ነዳጅ ስጡት፤ አሁንም ከ13.5 በላይ ከቆየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ከ15 አልፎ እዚያው ከቀረ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ተበላሽቷል። ባትሪው ይግላል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባል አሮጌ ዘዴ አለ። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ሊሞክር የሚነሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ተተኩሶ የመኪናውን ኮምፒውተርና የዲናሞውን ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተር ተነስቶም ቮልቱ ከፍ አይልም

ከቺንጋው ጀምሩ። ላልቷል? ተሰነጣጥቋል? ጎኑ እንደ መስታወት አብረቅርቋል? ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ቺንጋው ደህና ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። በዚህ ጊዜ የባትሪ ምልክቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሉ ወይም ፊውዙ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞው የሚነቃው በዚያች መስመር ስለሆነ፣ ትንሽ ፊውዝ ሙሉ ዲናሞ የሞተ ሊያስመስል ይችላል።

ምልክቷ ጉድጓድ ሲያጋጥም የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ፣ ወይም ዲናሞውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ስትመቱት ነቅቶ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ካርቦኑ፣ ማለትም ዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ፣ አልቆ ሊሆን ይችላል። ካርቦንና ሬጉሌተር መቀየር ብቻ ይበቃል። ቀጥታ ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሄዶ ያገለገለ ዲናሞ መግዛት የሌላ ሰው ያለቀ ካርቦን መግዛት ሊሆን ይችላል።

አሮጌው ሃይሉክስ የራሱ በሽታ አለው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት ናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬን ቫኪዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ላይ ተገጥሞ ከሞተሩ ዘይት ይጠጣል። በመሃል ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ይቀላቀልና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ዲናሞው ከኋላ በኩል ረጥቦ ካያችሁት ካርቦን ብቻ ብትቀይሩ በአጭር ጊዜ ትመለሳላችሁ፤ ጎሚኒው አብሮ ይቀየር። መልሳችሁ ስትገጥሙ ፓምፑ ደርቆ እንዳይዞር ትንሽ ንጹህ ዘይት ጨምሩበት። ፍሬኑም ከጠነከረ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይሄዳል።

ዳዮዱን ለመፈተሽ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ዳዮድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ርካሽ ቴስተሮች ግን ኤሲ ላይ ሆነውም ዲሲውን ይቆጥራሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ስትለኩ ዜሮ ካላሳየ በዚያ ቴስተር ይህን አትፈትሹ።

ዲናሞው ላይ 14 አለ፣ ባትሪው ላይ ግን የለም

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ዲናሞው ተቀየረ፣ ምልክቷ ግን አለች። ሲፈተሽ ጥፋቱ የገመድ ሆኖ ይገኛል።

ሞተሩ ይሥራ፣ መብራቱ ይብራ። አንዱን የቴስተር ጫፍ የዲናሞው ወፍራም ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የምታዩት ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። እስከ 0.2 ወይም 0.3 ችግር የለውም። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ይሄኛው ከ0.2 ማለፍ የለበትም።

አንድ የማውቀው ደብል ካቢን ከግጭት በኋላ ቦዲው ተሠርቶና ቀለም ተቀብቶ ከወጣ ጀምሮ ምልክቷ አልጠፋ አለች። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመድ በአዲሱ ቀለም ላይ ነበር የታሰረው። ብሎኑ እስከ ጥግ ጠብቋል፣ ገመዱም አዲስ ነው፤ ግን ከሥሩ ያለው ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቦታው እስከ ብረቱ ድረስ ተፋቀ፣ ገመዱ ተመልሶ ታሰረ፣ በላዩ ግራሶ ተቀባ። በቃ።

ባትሪው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ ካለ ሞተሩን አጥፉና ሁልጊዜ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ። በሙቅ ውሃ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩና ግራሶ ቀቡ። ስትመልሱ ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ገመዱን ጫፉ አካባቢ ጫን ብላችሁ እዩት፤ ጠጥሮ ወይም አብጦ ካገኛችሁት መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበልቷልና ይቀየር።

ሲነዳ ደህና፣ አድሮ ግን ባዶ

ማታ 12.6 ሆኖ ቆሞ ጠዋት 12.1 ከሆነ፣ ወይ ባትሪው ራሱ አይይዝም፣ ወይ መኪናው ቆሞም የሚበላ ነገር አለ። ለመለየት ባትሪውን ሞልታችሁ ኔጋቲቩን ፈታችሁ አሳድሩት። ተነቅሎም ከወረደ ባትሪው ነው።

ካልወረደ ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር ቀይሩ፤ ቀዩንም ገመድ ወደ አምፔሩ ቀዳዳ አዙሩ። ከዚያ በባትሪው ኔጋቲቭና በተፈታው ገመድ መሃል አስገቡት። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ኮምፒውተሮቹ የሚተኙት ቀስ ብለው ነው። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። 0.05 አምፔርና ከዚያ በታች ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ቢሆን 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ቀን ግማሹ ያልቃል።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ የወረደበት መስመር ላይ ሌባው አለ። የድርጅት መኪና ከሆነ መጀመሪያ ጂፒኤሱን ጠርጥሩ፤ ቀጥሎ አላርሙን፣ የቴፑን አምፕሊፋየር፣ በፊውዝ ሳያልፍ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበውን ተጨማሪ መብራት። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ አሁንም ከበላ የዲናሞው ዳዮድ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ይሆናል።

ሁሉም ደህና ነው፣ ጽሑፉ ግን አይጠፋም

እንደ ፎርድ ሬንጀር ያሉ አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ዲናሞውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ኔጋቲቩ ላይ ያለች ትንሽ ሴንሰር ምን ያህል እንደገባና እንደወጣ ትቆጥራለች። ባትሪው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ቮልቱን ሆን ብሎ ወደ 13 ሊያወርደው ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ግን ለኮምፒውተሩ በመመርመሪያ ማሽን ካልተነገረው አሮጌው ባትሪ ያለ ይመስለዋል። ተጨማሪ መብራት ወይም ፍሪጅ ስታስገጥሙም ማሳውን ከባትሪው ራስ ላይ አትሰሩት። ሴንሰሯን አልፎ ስለሚሄድ ቆጠራው ይሳሳታል። ሻንሲው ላይ ይታሰር።

መንገድ ላይ ከበራች

ኤሲና ቴፕ አጥፉ፣ ሞተሩን ግን አታጥፉ፤ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። ዓይናችሁ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ሙቀቱም አብሮ ከጨመረ ቺንጋው ተበጥሶ የውሃ ፓምፑም ቆሞ ይሆናልና ያኔ ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ።