«ብላይዝ ስፒሪት»ን ቤት ውስጥ በደንብ እንዴት ማየት ይቻላል

የሙት መንፈስ እያሳየ ከልብ የሚያስቅ የእንግሊዝ ፊልም ምረጥ ብባል፣ ሳላመነታ «ብላይዝ ስፒሪት» እላለሁ። ኖኤል ካዋርድ ለመድረክ የጻፈውን ተውኔት ዴቪድ ሊን ወደ ፊልም ለውጦት በ1945 ለሕዝብ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ግን ፊልሙን የሚያገኘው ቀለሙ በደበዘዘ ቅጂ ነው፤ የሰዎቹ ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ንግግሩም ተጨማድዶ። ከዚያ «ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ ይተወዋል። ይህ ያሳዝነኛል። የዚህ ፊልም መንፈስ የተሠራችው በቀለምና በብርሃን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቀለሙን ካዛባው ቀልዱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመመልከት በፊት ያለው ዝግጅት ከሌሎች ፊልሞች ይልቅ እዚህ ዋጋ አለው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቻርልስ የሚባል ደራሲ ከሁለተኛ ሚስቱ ከሩት ጋር በእንግሊዝ ገጠር በምቾት ይኖራል። ስለ አንዲት አጭበርባሪ መናፍስት ጠሪ ልብ ወለድ ሊጽፍ ያስባል። የሙያውን ቃላትና ዘዴ በቅርብ ለማየት ሲልም ማዳም አርካቲ የምትባለውን የአካባቢውን መናፍስት ጠሪ እራት ይጋብዛል። በቤቱ የሚያምንባት አንድም ሰው የለም። መብራቱ ጠፍቶ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ከብበው ሥርዓቱ ሲፈጸም ግን ከዓመታት በፊት የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ ኤልቪራ ትመጣለች። የሚያያትም የሚሰማትም ቻርልስ ብቻ ነው። እሱ ኤልቪራን ሲቆጣ ሩት የተቆጣት እሷን ይመስላታል፤ የፊልሙ ሳቅ ግማሹ ከዚህ ይመነጫል።

መንፈሷ እንዴት እንደተሠራች ማወቅ የቀሩትን እርምጃዎች ሁሉ ያስረዳል። ፊልሙ በተሠራበት ዘመን መናፍስትን ለማሳየት የተለመደው ዘዴ አንዱን ምስል በሌላው ላይ ደርቦ ማተም ነበር። እዚህ ግን ከጥቂት አጫጭር ትዕይንቶች በስተቀር በዚህ ዘዴ አልተጠቀሙም። ኤልቪራን የምትጫወተው ኬይ ሃሞንድ አረንጓዴማ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷ በተመሳሳይ ቀለም ተቀብቶ፣ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ደማቅ ቀይ ሆነው፣ ከሌሎቹ ተዋንያን ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ቆማለች። ለእሷ ብቻ የተዘጋጀ ብርሃን በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ሌሎቹ በተለመደው የክፍል መብራት ውስጥ ሲሆኑ እሷ ከጨለማ ጥግ ታበራለች። በልዩ የምስል ሥራው ቶም ሃዋርድ በ1947 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ካሜራውን የያዘው በኋላ ራሱ ዳይሬክተር የሆነው ሮናልድ ኒም ነው።

አንደኛ፦ ቅጂውን ይምረጡ

ፊልሙ የተቀረጸው በቴክኒከለር ነው። በዚያ ሥርዓት ካሜራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ለየብቻ በሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ይይዛል፤ ቀለሙ የሚወለደው ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው። በዘመናት ውስጥ ሦስቱ ፊልሞች እኩል ስለማይኮማተሩ በአሮጌ ቅጂዎች የሰው ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ጥላ ይታያል። ዴቪድ ሊን የተወለደበት መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ2008 ግን የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት ቤተ መዛግብት ከሊን ቀደምት ፊልሞች ጋር ይህንንም አድሷል። እንግዲህ ዲስክ ሲገዙ ሽፋኑን ገልብጠው ያንብቡ፤ ከታደሰው ቅጂ መዘጋጀቱን የሚገልጽ ከሆነ ይውሰዱት። አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች ክራይቴሪየን የተባለው የፊልም ዲስክ አሳታሚ በ2012 ያወጣውን ስብስብ እመክራለሁ፤ ካዋርድና ሊን አብረው የሠሯቸው አራት ፊልሞች በአንድ ሣጥን አሉበት።

በእጅዎ ያለው የቆየ የቪዲዮ ካሴት ከሆነ፣ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ይጠቀሙበት። ካሴት ዝርዝሩን በ240 መስመር ገደማ ብቻ ያሳያል፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ከድንበሩ አልፎ ይፈስሳል። የኤልቪራ ቀይ ከንፈር ወደ ጉንጯ ሲፈስስ መንፈስ መምሰሏ ይቀርና የተዝረከረከ ሜካፕ የተቀባች ሴት ትሆናለች።

ሁለተኛ፦ ዲስኩ በማጫወቻዎ እንደሚሠራ ያረጋግጡ

ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ አያውጡ። ዲቪዲዎች በዓለም ክፍል ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ አሜሪካ 1 ናት፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 ናቸው፤ ኢትዮጵያ 5 ናት። ብሉ ሬይ በሦስት ፊደላት ይከፈላል፤ አሜሪካ በኤ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ደግሞ በቢ ሥር ናቸው። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከልዎ ዲስክ አዲስ አበባ ባለው ማጫወቻ ላይ እምቢ ቢል አይገረሙ፤ ዲስኩ አልተበላሸም። መፍትሔው የሁሉንም ክፍሎች ዲስክ የሚያነብ ማጫወቻ ነው። ብዙ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ያነባሉ፤ የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ግን በአብዛኛው ጥብቅ ስለሆኑ ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ማጫወቻው ራሱ ከአሜሪካ ከመጣ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ያለ ስጋት ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ላክል። ለአውሮፓ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ በሰከንድ 24 ምስል የነበረውን ፊልም በ25 ያጫውታል። በዚህም 96ቱ ደቂቃ ወደ 92 ገደማ ይወርዳል፤ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። ሰዓቱ ስላነሰ የተቆረጠ ነገር አለ ብለው አይስጉ። ብሉ ሬይ በመሠረቱ ይህ ችግር የለበትም፤ ምርጫ ካለዎት እሱን ይምረጡ።

ሦስተኛ፦ ቴሌቪዥኑን ያስተካክሉ

ፊልሙ የተሠራው ቁመቱና ወርዱ ለሚቀራረብ የድሮ ሲኒማ ማያ ነው። በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍት ቦታ ይቀራል፤ መቅረትም አለበት። ማያውን ለመሙላት ብለው አይለጥጡት፤ አጉልተው ከላይና ከታችም አይቁረጡት። ሊን ኤልቪራን በክፈፉ ጫፍ ላይ ያስቀምጣታል፣ ወይም ከባልና ሚስቱ ኋላ ያቆማታል፤ ጠርዙ ከተቆረጠ የቀልዱ ሦስተኛ ሰው ጠፋ ማለት ነው።

ቀጥሎ የምስሉን ዓይነት «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም «ፊልም ሜከር» በሚለው ላይ ያድርጉ። ሱቅ ውስጥ ዓይን ለመሳብ የሚያገለግለው «ቪቪድ» የሚባለው ምርጫ ለዚህ ፊልም ጠላት ነው፤ ሁሉንም ነገር ያደምቃል፣ በተለይም አረንጓዴውን። «ሻርፕነስ» የሚባለውን ዝቅ ያድርጉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውንም መሣሪያ ያጥፉ፤ በሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ»፣ በኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ በሶኒ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። እሱ ሲበራ ፊልሙ የስቱዲዮ ቃለ መጠይቅ ይመስላል።

አሁን ይሞክሩት። ኤልቪራ ከመጣች በኋላ ሁለቱ ሚስቶች አብረው የሚታዩበት ቦታ ላይ ምስሉን ያቁሙ። የሩት ቆዳ ሞቅ ያለ የሰው ቆዳ፣ የኤልቪራ ፊት ደግሞ አረንጓዴማ ግራጫ ሆኖ ከተለያየ ቴሌቪዥንዎ ተስተካክሏል። ሩትም አረንጓዴ ከመሰለች የቀለሙን ሙቀት ወደ «ዋርም» ይለውጡ። ሁለቱም ቡናማ ከመሰሉ ከመጠን በላይ ሄደዋል። ሌላ ማንኛውንም ማስተካከያ ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ። የክፍሉን መብራት ቀንሰው ከማያው በስተጀርባ አንዲት ደካማ አምፖል ብቻ ይተዉ፤ ኤልቪራ የምትደምቀው በጨለማው የክፍሉ ክፍል ስትሆን ነው።

አራተኛ፦ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉ

ድምፁ የተቀዳው በአንድ መስመር ነው። ድምፁን በክፍሉ ዙሪያ እንዲዞር የሚያደርገውን ማቀናበሪያ ያጥፉት፤ ንግግሩን ያርቀዋል እንጂ አያሻሽለውም።

የካዋርድ ሰዎች ፈጥነው ይናገራሉ፤ ስድቡን በትሕትና ጠቅልለው ያቀብላሉ። እንግሊዝኛ በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንኳን የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ቢያበራ ይጠቀማል። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ቤተሰብ ትርጉም ፊልም ላይ እንደምንሰማው በላዩ የሚተርክ ሰው ማቆምን አልመክርም፤ እዚህ ሳቁ የሚመጣው ከመልሱ ፍጥነት ስለሆነ ተራኪው ሲናገር ቀጣዩ ቀልድ ያልፋል። ከዚያ ይልቅ ታሪኩን ኤልቪራ እስከምትመጣበት ድረስ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ፊትና እጅ ይነግራቸዋል። መጨረሻውን ግን ለማንም አይንገሩ።

አምስተኛ፦ አብረው የሚያዩትን ሰዎች ያዘጋጁ

ሙታንን መጥራት በሃይማኖታችን የተወገዘ ስለሆነ ርዕሱን ሲሰሙ የሚከፋቸው አባቶችና እናቶች ይኖራሉ። ስሜታቸውን አክብረው አስቀድመው ያስረዷቸው፤ ፊልሙ የሚያሸብር ነገርም ደምም የለበትም። የሚሳቅበትም በማያምንበት ነገር ሊጫወት ገብቶ ቤቱን ያመሰ ሰው ነው። ይህ ሆኖ ግን ካልፈለጉ አያስገድዷቸው።

የዘመኑንም ነገር ይንገሯቸው። ካዋርድ ተውኔቱን የጻፈው በ1941 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ነው፤ ወደ ዌልስ ሄዶ በአንድ ሳምንት ገደማ ጨረሰው። ሞት በየቤቱ በሚገባበት ከተማ ስለ ሙታን የሚቀልድ ተውኔት ማቅረብ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ በለንደን 1,997 ጊዜ ታየ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የኤልቪራን ግድ የለሽነት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ስድስተኛ፦ ሲያዩ ዓይንዎ የት ይሁን

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ይዩ። የእራቱ ወግ ረዘመ ብለው አያልፉት፤ ሰዎቹ እዚያ የሚያፌዙባቸው ነገሮች ሁሉ በኋላ ዋጋ ያስከፍሏቸዋል።

ማርጋሬት ራዘርፎርድ ማዳም አርካቲ ሆና በብስክሌት ስትመጣ ትኩረትዎን ይስጧት። በመድረክም የተጫወተችው እሷው ነበረች። ሌላ ተዋናይ ቢሆን መናፍስት ጠሪዋን የሚሳቅባት እብድ ያደርጋት ነበር። ራዘርፎርድ ግን ለሙያዋ የምትቆረቆር፣ ትጉህና ክብሯን የምትጠብቅ ባለሙያ አድርጋ ተጫወተቻት፤ የምታስቀን በራሷ ላይ አንድም ጊዜ ስለማታሾፍ ነው። ዳፍኒ የምትባለውን፣ ከወዲያኛው ዓለም የምታገለግላትን ልጅ ስታነጋግር ድምፅዋን ያዳምጡ።

ከሁሉ በላይ ግን የሩትን ዓይኖች ይመልከቱ። ኤልቪራ በአብዛኛው እውነተኛ ሰው ሆና አጠገቧ ስለቆመች፣ ሩትን የምትጫወተው ኮንስታንስ ካሚንግስ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለችን ሴት እንደማታይ ሆና መጫወት ነበረባት። ዓይኗ ለቅጽበት እንኳን አይያዝም፤ በኤልቪራ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን ያያል። ከኋላዋ ቻርልስን የሚጫወተው ሬክስ ሃሪሰን ደግሞ ሁለቱንም እያየ አንዷን ብቻ ለማየት ይታገላል። እኔ በዚህ ፊልም ላይ ከአረንጓዴው ብርሃን እኩል የማደንቀው ይህን ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ያያሉ፤ ያንንም የሚነግረን የዓይናቸው አቅጣጫ ነው።

ፊልሙን ሲጨርሱ ዲስኩን በጠርዙ ይያዙ። አቧራ ካለው በለስላሳ ጨርቅ ከመሐሉ ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉት፤ በክብ መጥረግ መረጃው የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ረጅም ጭረት ሊተው ይችላል። አራቱን ፊልሞች የያዘውን ሣጥን ያገኙ ደግሞ በማግስቱ ምሽት «ብሪፍ ኢንካውንተር»ን ያስቀምጡ። እሱም የ1945 የካዋርድና የሊን ሥራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሳቁ ጥቂት፣ ሐዘኑ ብዙ። እዚህ የሐኪሙ ሚስት ሆና ያዩዋት ጆይስ ኬሪ እዚያ በባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ትጠብቅዎታለች።