ድሬ ላይ ባንድ አስሮ ለሚሮጥ ሰው

ያው ድሬ ስለሆንን አንተ እያልኩ ነው የምፅፈው፣ ሴቶችም ታላላቆችም ቅር እንዳይላችሁ። ይቺን እጅ ላይ ታስራ የልብ ምትና እርምጃ የምትቆጥር የስፖርት ባንድ ካደረግኩ ሶስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከዚራ ውስጥ ዛፉን ተከትዬ እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ ኳስ አለ፣ አንዳንዴ የደንገጎን ዳገት በሳይክል እሞክራታለሁ (ሁሌ አልጨርሳትም)። ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ "ግን ልክ ነው የሚቆጥረው?" ነው። ልክ የሚሆንበትም የሚቀባጥርበትም ጊዜ አለ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ካላወቅክ ያሳብድሃል።

መጀመሪያ አስተሳሰሩ። ብዙ ሰው እንደ አምባር አንጠልጥሎት ነው የሚዞረው። ከስሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ለጌጥ አይደለም፣ ቆዳህ ላይ ያርፍና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው የሚለካው፣ ደም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ልብህ በመታ ቁጥር የሚመለሰው ቀነስ ይላል፣ በዛ ነው ምትህን የሚቆጥረው። ከላላ የውጪ ብርሃንም ላብም ይገባበታል። ስለዚ ከእጅ አንጓህ አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ክርንህ ከፍ አርገው፣ ስትሮጥ ሁለት ጣት ከፍ በልና አንድ ቀዳዳ ጨምረህ አጥብቀው፣ ስትጨርስ አላላው። እዛ ቦታ ላይ ንቅሳት ካለህ ወደ ሌላኛው እጅህ አዙረው፣ ቀለሙ መብራቱን ያስቸግረዋል።

እንደዛም ሆኖ ይስታል። አንድ ቀን ገና ከሰፈር ሳልወጣ ባየው 172 ይላል፣ ደነገጥኩና ቆምኩ፣ አንገቴ ላይ ሁለት ጣት አድርጌ ስልኬን እያየሁ 15 ሰከንድ ስቆጥር 28 መታ፣ በ4 ስታባዛው 112። ለካ የእግሬን ምት ነው ሲቆጥር የነበረው፣ ሯጭ በደቂቃ 160፣ 170 ጊዜ ይረግጣል እጁም በዛው ልክ ይወዛወዛል፣ ባንዱ ሁለቱን ያምታታል። ቁጥሩ ከትንፋሽህ ጋር ካልገጠመልህ ቆመህ በጣትህ ቁጠር፣ ትንፋሽህን እመን።

ሌላው እኔን አንድ ወር ያንገላታኝ የሰዓት ነገር ነው። ብዙዎቻችን ስልካችንን በሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይ 6 ሰዓት ወደኋላ ስበን እንሞላለን አይደል፣ ባንዱ ደሞ ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኩ ነው። ስልኩ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ የሚያስበው እንግዲ የኛን የጠዋት 12 ሰዓት ነው። እኔ 11 ከ30 ወጥቼ እየሮጥኩ ልክ 12 ሲል ስቴፑ ዜሮ! እንቅልፌንም ከሰዓት በኋላ የተጋደምኩ መስሎት ቆራርጦ ይጥለዋል። ባንዱ ተበላሽቷል ብዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ተጨቃጭቄያለሁ፣ ጥፋቱ የኔ። ስልክህን ወደ ምስራቅ አፍሪካ ሰዓት መልሰው፣ የሀበሻውን በጭንቅላትህ ቀይረው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሙቀቱ። ድሬ ከባህር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ እንዴት እንደምታቃጥል ለድሬ ልጅ አይነገርም። ሲሞቅህ ሰውነትህ ለመብረድ ብሎ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል፣ በላብ ደሞ ውሃ ታጣለህ፣ ስለዚ ለዛው ፍጥነት ልብህ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። እኔ ህዳር ላይ 145 የሚለኝ ሩጫ ሰኔ ላይ ያንኑ መንገድ በዛው ፍጥነት 160 ይለኛል። ሞኙ ሰውዬ "አቅሜ ወረደ" ብሎ ይጨምራል፣ እኔም ነበርኩ፣ አንድ ቀን ለገሀር ጋ ጥላ ስር ጭንቅላቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። በሙቀት ወር ፍጥነቱን እርሳው፣ ምትህን ያዝ፣ 150 ላይ እቆያለሁ ካልክ ኤሊ መስለህም ቢሆን እዛው ቆይ። ስልክህ ላይ ያለው የባንዱ አፕ የሚሰጥህ ከፍተኛ ምት ብዙ ጊዜ ከ220 ላይ እድሜህን ቀንሶ ነው፣ ግምት ነው፣ ከሰው ሰው በ10ም ከዛ በላይም ይለያያል።

ደቻቱ ወንዝ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ የሚሮጥ ካለ ደሞ ያው፣ አሸዋ እግር ስለሚይዝ ፍጥነቱ ትንሽ ምቱ ብዙ ነው የሚሆነው፣ አትደንግጥ። ክረምት ላይ ግን እዛ አትሩጥ፣ የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ የማያስታውስ የለም፣ ደራሹ ከላይ ከተራራው ነው የሚመጣው እና ድሬ ላይ ጠብታ ሳይዘንብም ይደርስብሃል።

ከሁሉም ቁጥር የምወደው የእረፍት ምት የሚባለውን ነው፣ ጠዋት ሳትነሳ ያለውን። የአንድ ቀኑን ተወው፣ የሁለት ሳምንቱን እይ። የኔ 58 አካባቢ ነው፣ 66 ካለኝ ወይ አልተኛሁም ወይ ውሃ አልጠጣሁም ወይ ሊያመኝ ነው፣ የዛን ቀን አልሮጥም። ትኩሳት ምት ይጨምራል፣ ከተማችን ደሞ ደንጌ የሚባለውን ትኩሳት ታውቀዋለች፣ በ2011 መጨረሻ ላይም ቺኩንጉንያ የሚባለው መገጣጠሚያ የሚቆረጥም ትኩሳት ሰፈሩን ሁሉ አልጋ ላይ ጥሎት ነበር። ምትህ ከፍ ብሎ መገጣጠሚያህን ከቆረጠመህ አፕ ከመነካካት ክሊኒክ ሂድ።

ስለ በርጫ ካልነገርኩህ ደሞ ዋሸሁ። ጫት የልብ ምትም የደም ግፊትም ይጨምራል፣ ባንዱ አይዋሽልህም። ባለፈው ፍራሽ ላይ ተደግፈን 9 ሰዓት አካባቢ ምርቃናው ሲመጣ እጄ ላይ ዝዝዝ አለ፣ "ተነስና ተንቀሳቀስ" ይላል፣ ከስሩ 104። ቁጭ ብዬ! አጠገቤ ያለው ልጅ ስቆ "አቦ ባንዱ ቃም ቃም አርጓል እንዴ" አለኝ። ለማንኛውም ከበርጫ በኋላ ያለውን ምትና የማታውን እንቅልፍ ከሌላው ቀን ጋር አታወዳድር፣ ከበርጫ ተነስተህም ኳስ ሜዳ አትሩጥ።

ስቴፕ ላይ ብዙ አትጨነቅ። በ10,000 የምትምለው ቁጥር ከህክምና የመጣ ሳይሆን 1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ ማንፖኬ ከሚባል መቁጠሪያ ነው፣ ስሙ ራሱ የአስር ሺ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ስትንገጫገጭ ሊቆጥርልህ ይችላል፣ ጋሪ ስትገፋ ደሞ እጅህ ስለማይወዛወዝ ይዘልልሃል። ርቀቱን ለማስተካከል 400 ሜትር ትራክ ካገኘህ በውስጠኛው መስመር አንድ ዙር ሂድ፣ ባንዱ ካለው ጋር አስተያይና አፑ ላይ የእርምጃ ርዝመትህን ቀይር፣ በቃ።

ላብ ጨው ነው። ከሩጫ መልስ ባንዱን አውልቀህ በንፁህ ውሃ እጠበው፣ እጅህንም አድርቅ፣ ሽፍታ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከስሩ የሚታፈነው እርጥበት ነው። 5 ኤቲኤም (ውሃ ይችላል ማለት ነው) የሚል ቢሆንም በሙቅ ውሃና ሳሙና ይዘኸው አትታጠብ። ቻርጅ የሚያደርግበትን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተወው፣ ሙቀቱ ባትሪውን ይጎዳዋል።

ሀረር ከወጣህ አየሩ ይበርድልሃል ግን ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ጀጎል ውስጥ ደሞ ዳገት ቁልቁለት ነው። እዛ ጂፒኤሱን አትመን። ግንቡ ከግራ ከቀኝ ስለሚጠብ ሲግናሉ ይላተማል፣ እኔ አንዴ በእግሬ ስዞር ካርታው የሰው ሳሎን ለሳሎን አሳልፎኛል። ባንድህ የራሱ ጂፒኤስ ከሌለው ስልክህን ይዘህ ግባ፣ በሩ ጋ ቆመህ ሎኬሽኑ እስኪይዝ ጠብቅ፣ ከዛ በኋላ ርቀቱን ትተህ ደቂቃውንና ምትህን ብቻ መዝግብ።