ቾፐር አልወጣ ላላችሁ፣ እግራችሁን አትወርውሩ

ፖል ዳንስ (ፖል በሚባለው ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ላይ የሚሠራውን) ጀምራችሁ ቾፐር የሚባለው እንቅስቃሴ አልሳካ ያላችሁ ካላችሁ ይሄን ሞክሩ። ያው ጭንቅላት ወደ ታች ተገልብጦ እግር በቪ ቅርጽ የሚከፈትበት ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ዘሎ እግሩን ይወረውራል። አንዳንዴ ይሳካል፣ ግን ትከሻ ይጎዳል፣ ደግሞ ፖሉ ላይ ከፍ ብላችሁ ስትሞክሩት የምትዘሉበት ወለል የለም።

መጀመሪያ ተኝታችሁ ተለማመዱት። ፖሉ ጆሯችሁ አጠገብ እንዲሆን በጀርባችሁ ተኙ፣ ከጭንቅላታችሁ በላይ በሁለት እጅ ያዙት፣ ከዚያ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ስባችሁ ዳሌያችሁን ከወለሉ እያነሳችሁ እግራችሁን ክፈቱ። በቃ፣ ይኸው ነው! ቆማችሁም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ትከሻ ከጆሮ ዝቅ፣ ክርን እጥፍ፣ ጉልበት ወደ ደረት፣ ከዚያ ደረታችሁን ወደ ኋላ ስትለቁት ዳሌ ይከተላል። ሁሉም የሚጨነቀው ስለ እግሩ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን ወደ ኋላ መልቀቁን መፍራቴ ነበር።

መውረዱንም አትናቁት። አስተማሪያችሁ አግዛ ካወጣቻችሁ በኋላ እስከ 5 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ አቅም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። በሁለቱም ጎን ሥሩ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ ይኑር፣ ብቻችሁን ደግሞ አትሞክሩት።

እና ሎሽን! የዚያን ቀን ከተቀባችሁ ትንሸራተታላችሁ። አጭር ቁምጣ የሚለበሰውም ለዚሁ ነው፣ ፖሉን የሚይዘው ቆዳ እንጂ ጨርቅ አይደለም (ይሄን ለእናቴ ለማስረዳት ከቾፐሩ የባሰ ጊዜ ፈጅቶብኛል)።