እገዳው ተነስቷል፣ ሰነዱ ግን እንዳለ ነው፦ የኤልሲ አከፋፈት ለአስመጪ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ተከልክለው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ያ ክልከላም አብሮ ተነሳ። ኤልሲ (ሻጩ የተስማሙበትን ሰነድ ሲያቀርብ ባንክ እንደሚከፍለው የሚያረጋግጥ ደብዳቤ) ለመክፈት የሚጠየቀው ሰነድ ግን አልቀነሰም፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነውም እዚያው ላይ ነው።

ከፕሮፎርማው፣ ማለትም ሻጩ አስቀድሞ ከሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ ይጀምሩ። የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ የተመረተበት አገር፣ የመጫኛ ወደብ፣ የክፍያ ዓይነትና ጸንቶ የሚቆይበት ቀን ይኑርበት። የኤችኤስ ኮዱን (የዕቃውን የጉምሩክ መለያ ቁጥር) ከትራንዚተርዎ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ ከሚያስፈጽምልዎ ሰው ጋር አስቀድመው ያረጋግጡ። የንግድ ፈቃዱ የሥራ መስክ ከዕቃው ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ይመለሳል። ዋጋው በፎብ (ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ዋጋ) ወይም በሲኤፍአር (የማጓጓዣው ተጨምሮ) ይሁን፤ መድንም በሚጨምረው በሲአይኤፍ አይዋዋሉ። የጭነት መድን ከአገር ውስጥ መድን ድርጅት መገዛት ስላለበት፣ ሻጩም ከጨመረው ለአንድ ጭነት ሁለቴ ይከፍላሉ።

ቀጥሎ ማርጂኑ፣ ማለትም ኤልሲ ሲከፈት የሚያስይዙት ገንዘብ። ባንኩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ያስያዙት በየትኛው ቀን የምንዛሪ ዋጋ ይሰላል? የአገልግሎት ክፍያው ከተለጠፈው ዋጋ ውጪ ስንት ነው? ለ50,000 ዶላር ዕቃ 30 በመቶ አስይዘው የቀረው 35,000 ዶላር ሰነዱ ሲደርስ የሚሰላ ከሆነ፣ በዶላር 6 ብር ሲጨምር 210,000 ብር ተጨማሪ ይፈለግብዎታል። የመሸጫ ዋጋ ሲተምኑ ይህን ካላሰቡት ትርፉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ኤልሲው ላይ ቅድመ ሁኔታ ባበዙ ቁጥር ስህተት ይበዛል። ባንኮች ለኤልሲ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600 መሠረት ሻጩ ዋናውን ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ኤልሲው ሌላ ቀን ካስቀመጠ ያ ይሠራል። ስለዚህ ኤልሲው የሚያበቃበትን ቀን ከመጨረሻው የመጫኛ ቀን ቢያንስ 21 ቀን ያርቁት። ይህ ቀላል ነገር ተዘንግቶ ማሻሻያ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ማሻሻያውም ያስከፍላል። ብዛቱ ላይ «በግምት» የሚለው ቃል ከገባ እስከ 10 በመቶ መብለጥ ወይም ማነስ ተፈቅዷል ማለት ነው።

ባንኩ ሰነዱን ለመመርመር እስከ 5 የባንክ ሥራ ቀን አለው። ዲስክሬፓንሲ፣ ማለትም ሰነዱ ከኤልሲው ጋር የማይገጥምበት ነገር ከተገኘ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ጂቡቲ ወደብ ላይ ዴሜሬጅ (ዕቃው በመዘግየቱ የሚከፈል) እየቆጠረ ስለሆነ በችኮላ «እሺ» ማለት ያጓጓል። መጀመሪያ ግን ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ሙሉ ስብስብ መሆኑን፣ የኮንቴይነሩ ቁጥርና የዕቃው ዝርዝር መግጠማቸውን ይዩ። አንዴ ከተቀበሉ መክፈል ግድ ነው።

ዕቃው ከጉምሩክ እንደወጣ ዲክላራሲዮኑን (ዕቃው መግባቱን የሚያሳየውን የጉምሩክ ሰነድ) ለባንኩ ያስገቡ። ይህን የዘነጋ አስመጪ ስሙ ያልተወራረደ ሰነድ ካለባቸው ጋር ይመዘገብና ቀጣዩ ጥያቄው ይታገዳል። በተለይ በቲቲ፣ ማለትም በቀጥታ የባንክ ሐዋላ ቀድመው የከፈሉ ይጠንቀቁ፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ዕቃው መግባቱን ለባንኩ የሚያሳየው ይህ ሰነድ ነው።

መንገደኛ ከሆኑ ነገሩ አጭር ነው፦ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዘው ወደ ባንክ ወይም ፈቃድ ወዳለው የምንዛሪ ቢሮ ይሂዱ። የሚያወዳድሩት የመሸጫ ዋጋውንና ኮሚሽኑን ደምረው ይሁን። በእጅ የሚያዘው የገንዘብ ጣሪያ በመመሪያ ስለሚለዋወጥ ከመነሳትዎ በፊት ባንክዎን ይጠይቁ። ደረሰኙንም ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፤ ጉምሩክ የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው።