ሻሺ ላይ፣ በሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ ውስጥ ለማደር

እኔ ጅማ ውስጥ የቤት ዕቃ የምሠራ አናጺ ነኝ። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ልገዛ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ሄጄ ሥራዬ ቀድሞ ስላለቀ አምስት ሌሊት ሻሺ በምትባል የተራራ መንደር አደርኩ። ከእኛ ከተማ ለንግድ ቻይና የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያየው ግን ፋብሪካና መጋዘን ብቻ ነው። ይህ ስለሚቆጨኝ ነው የምጽፈው።

ሻሺ በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር፣ በጂየንቹዋን ወረዳ ትገኛለች። ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጅማ ትበልጣለች። ሻይ በበቅሎና በፈረስ ተጭኖ ወደ ቲቤት የሚሄድበት ጥንታዊ መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር። የዛሬዎቹ ማረፊያዎች አንዳንዶቹ የያኔዎቹ የነጋዴ ማደሪያዎች ናቸው፤ በቅሎው ከታች፣ ነጋዴው ከላይ ያድር ነበር። አያቴ ከሂርማታ ገበያ በቅሎ ጭኖ የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ስለነበር ግቢው ውስጥ ገብቼ የበቅሎዎቹን ቦታ ሳይ ሆዴ ባባ።

ከጓንዡ እስከ ኩንሚንግ በአውሮፕላን፣ ከዚያ እስከ ዳሊ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። የቀረው የመኪና መንገድ ነው፤ ጂየንቹዋን ከተማ ላይ ወርደው ሚኒባስ ይይዛሉ።

ዋናው ጉዳይ ቤቱን መምረጥ ነው። አንዳንዱ ማረፊያ ሲሚንቶ ገንብቶ አሮጌ ሳንቃ የለጠፈበት ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የምሰሶዎቹን እግር የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ። በእውነተኛው ቤት ምሰሶው መሬት ውስጥ አይቀበርም፤ እርጥበት እንዳይበላው በተጠረበ ድንጋይ ላይ ይቆማል። የምሰሶው ታች በስብሶ በአዲስ እንጨት ተቀጥሎ ካዩ አይሽሹ፤ ባለቤቱ ቤቱን እንደሚጠግን ምስክር ነው። ወራጁ ከምሰሶው የሚገናኘው በሚስማር አይደለም፤ የአንዱ ጫፍ ተቀርጾ በሌላው ቀዳዳ ይገባል። ክብደቱን የሚሸከመው ይህ የእንጨት አጽም ስለሆነ ቻይናዎች «ግድግዳው ቢወድቅም ቤቱ አይወድቅም» ይላሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ በማያጣው ዩናን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በልጅነቴ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ እያየሁ ነው ሙያውን የወደድኩት፤ ሻሺ ላይ ያ ፍቅር እንደገና ያዘኝ። ጂየንቹዋንም በእንጨት ቅርጽ ሥራ የታወቀ አገር ነው።

ቦታ ሲይዙ የውጭ አገር እንግዳ ተቀብለው ለፖሊስ ያስመዘግቡ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ በመሄዴ አንድ ማረፊያ በምሽት መልሶኛል። ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን በእጅዎ ይያዙ። በስልክ የሚከፈልበትን አሊፔይ የተባለ መተግበሪያ ከአገር ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ጭነው ከዓለም አቀፍ ካርድ ጋር ያገናኙ፤ ለገበያ ቀን ጥቂት የዩዋን ኖትም ያስፈልጋል። ጉግል ስለማይሠራ መተርጎሚያ መተግበሪያና ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አድርገው ይሂዱ።

ሲገቡ የበሩን ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ አይርገጡ፤ ተሻግረው ይግቡ። ፊት ለፊት የሚያዩት ነጭ ግድግዳ አጥር እንዳይመስልዎ። የአካባቢው ነዋሪ የሆነው የባይ ሕዝብ ቤት ሦስት ወገኑ ክፍሎች፣ አራተኛው ወገን ይህ ግድግዳ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመልሳል።

ፍራሹ ጠንካራ ነው። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ እርምጃ ሁሉ ይሰማል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጫማዎን አውልቀው ይሂዱ። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ዝናቡ እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ክፍል ውስጥ ሻማም ሲጋራም በፍጹም አይለኩሱ፤ ያ ቤት ሁሉ እንጨት ነው።

ስለ ምግብ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ነገር ልንገር። አትክልቱ እንኳ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። «አሳማ አልበላም፣ ስቡንም አልፈልግም» የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ አስተርጉመው ለወጥ ቤቱ ያሳዩ። በዩናን የሁዪ ሙስሊሞች ምግብ ቤት ስለማይጠፋ በመንገድ ላይ እሱን ይፈልጉ። ባቄላ በብዛት ያበቅላሉ፤ ከላም ወተት ተስቦ የሚደርቅ እንደ ወረቀት ስስ አይብም አላቸው፣ ሲጠበስ በጣም ይጣፍጣል።

ዓርብ የገበያ ቀን ስለሆነ ቆይታዎ ዓርብን እንዲያካትት ያድርጉ። ከአሮጌው አደባባይ የቲያትር መድረክ ፊት ለፊት በ1415 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሺንግጂያዎ ቤተ መቅደስ አለ፤ ጣሪያውን ቀና ብለው ረጋ ብለው ይዩት።

የተቆላ የጅማ ቡና ይዘው ይሂዱ፤ ዩናንም ቡና አብቃይ ስለሆነች ባለቤቶቹ ጣዕሙን ያውቁታል። እኔ በመጨረሻው ቀን ግቢው ድንጋይ ላይ አፍልቼ ከአንድ ሽማግሌ እንጨት ቀራጭ ጋር ጠጣን። ስልኬ ላይ የጅማ በርጩማ ፎቶ አሳየሁት። ፎቶውን አጉልቶ እግሮቹ ከመቀመጫው የተጋጠሙበትን ቦታ በጣቱ ፈለገ፣ አላገኘም። ወረቀት አውጥቼ አንድ ግንድ ሣልኩለት፤ ከግንዱ ውስጥ በርጩማውን። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ስኒውንም እንደገና ዘረጋልኝ።